መጀመሪያ ቢላዋውን አስቀምጡ፦ ቁጣን የመግታትና ቃልን የመምረጥ መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ትንሽ አሳ ቤት አለችኝ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ገበያችን ይደራል። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ፤ እኔ የምጽፈው ስለ ሌላው ጾም፣ ስለ አንደበት ጾም ነው። «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ሲባል በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እሰማለሁ። ሰምቼ እወጣና እዚያው ቀን ምላሴን እፈታዋለሁ። ለብዙ ዓመት እንዲህ ነበርኩ።

በአንዱ ዓመት ዐቢይ ጾም፣ አንድ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሁሉ በአንዴ ገባ። መብራት ጠፍቷል። ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለተነሣ አሳው ዘግይቶ ነው የደረሰው። እኔም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ትሪ ይዛ ከማድቤት ስትወጣ አዳለጣትና አራት ሰሃን ኮተሌት መሬት ላይ ተበተነ። ቢላዋ በእጄ እንደያዝኩ፣ ደንበኛ ሁሉ እየሰማ፣ «ድሮም ካንቺ ምን ይጠበቃል! አሳዳጊ የበደለሽ!» አልኳት።

ልጅቷን ያሳደገቻት አያቷ ነበረች። አያቷ ከሞተች ገና 40 ቀኗ አልወጣም ነበር፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልመለሰችልኝም። ተንበርክካ አሳውን አንድ በአንድ ለቀመች።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ቁጣ አፍ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚይዘው የለም። የሚያዘው ከዚያ በፊት ነው፣ ቃሉም የሚመረጠው ሳይናደዱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት እርምጃዎች አብዛኞቹ በሰላሙ ቀን የሚሠሩ ናቸው።

አንደኛ፦ የቁጣችሁን ሰዓት እወቁ

አሳ የሚያመጣልን ሰው በሌሊት ተነሥቶ ይወጣል። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ታንኳን ያስቸግራል። አንድ ቀን «አትፈራም ወይ?» ስለው፣ «ነፋሱን አልለምነውም፣ ሰዓቱን ነው የማውቀው» አለኝ። ለቁጣዬም ያስፈለገኝ ይኸው ነበር።

አንድ ትንሽ ደብተር ያዙ። ለ2 ሳምንት በተቆጣችሁ ቁጥር አራት ነገር ብቻ ጻፉበት፦ ስንት ሰዓት ነበር፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ በፊት ምን ስትሠሩ ነበር፣ የወጣው ቃል ምን ነበር። ምክንያት አትጻፉ። ምክንያት መጻፍ ከጀመራችሁ ራሳችሁን መከላከል ትጀምራላችሁና ደብተሩ የክስ መዝገብ ይሆናል።

የእኔ ደብተር ያሳየኝ ነገር አስደነገጠኝ። ሰው ያናድደኛል ስል ኖሬ፣ ከቁጣዬ ከግማሽ በላዩ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የመጣ ነበር፤ ያውም በርቦኝ ወይም ሒሳብ እያሰብኩ ሳለ። ስለዚህ ሁለት ነገር ቀየርኩ። ከሠራተኞቼ ጋር የምንተሳሰበው ጠዋት፣ ቡና ላይ ሆነ። በጾም ቀን ደግሞ እስከማፈጥር ድረስ ስለ ጥፋት ማንንም አላናግርም። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ከቁጣዬ ብዙውን ቀነሱልኝ። የእናንተ ሰዓት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት፣ ባል ከሥራ የሚገባበት፣ ወይም የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሳምንት።

ሁለተኛ፦ በእጃችሁ ያለውን አስቀምጡ

ቁጣ ከቃል በፊት ሰውነት ላይ ይወጣል። አንዱ ጆሮው ይግላል፣ ሌላው ድምፁ ይቀጥናል። እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ ቅርፊት የምፍቅበት ቢላዋም ይፈጥናል። የእናንተን ምልክት ካላወቃችሁት አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ጠይቁት፤ ወዲያው ይነግራችኋል።

ምልክቱ ሲመጣ በእጃችሁ ያለውን አስቀምጡ። ቢላዋ ቢሆን፣ ስልክ ቢሆን፣ ማማሰያ ቢሆን። ባጃጅ የምትነዱ ከሆነ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። እጅ ባዶ ሲሆን ሰውነት ትንሽ ይለዝባል፣ ያችው ትንሽ ጊዜ ትበቃለች። ከዚያ አማትቡና አቡነ ዘበሰማያትን በልባችሁ ድገሙ። ከግማሽ ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ጸሎት የመረጥኩት ውስጡ ስላለችው ቃል ነው፦ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ፣ ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ።» የእኔን በደል ይቅር በለኝ፣ እኔም የበደለኝን ይቅር እንደምለው። ይህን ብሎ ወዲያው መሳደብ ይከብዳል። አይቻልም አልልም፤ ይከብዳል።

በግብፅ በረሃ የኖረው አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምድ ድረስ ሦስት ዓመት በአፉ ድንጋይ ይይዝ ነበር። እኔ ውኃ እጎነጫለሁ። ጎንጨት አድርጌ ሳልውጠው እቆያለሁ፤ እስክውጠው ድረስ መናገር አልችልም። ለጾመኛ ሰዓት ግን ይህ አይሆንም፣ ያን ጊዜ ጸሎቱ ብቻውን ይሁን።

ሦስተኛ፦ ዮናስ የተጠየቀውን ራሳችሁን ጠይቁ

ዮናስ ነነዌ ባለመጥፋቷ ሲናደድ እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ ጠየቀው፦ «ትቆጣ ዘንድ ይገባሃልን?» (ዮና. 4)። ጥያቄውን እኔ ለራሴ እንዲህ አድርጌ እጠይቃለሁ፦ የተነካው ማን ነው? ሰው ተበድሎ ነው ወይስ ክብሬ ተነክቶ?

ቁጣ ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ጌታ በምኵራብ የነበሩትን ሰዎች በቁጣ እንዳያቸው፣ ስለ ልባቸውም ድንዛዜ እንዳዘነ ማርቆስ 3 ላይ ተጽፏል። ወዲያው የሠራውን ልብ በሉ፤ የሰለለች እጅ የነበረችውን ሰው ፈወሰ። እንዲህ ያለ ቁጣ መጨረሻው አንድን ሰው ይጠቅማል። ያን ዓርብ የእኔ ቁጣ ማንን ጠቀመ? አሳው መሬት ላይ ነው፣ ደንበኛው አፍሮ አቀርቅሯል፣ ልጅቷ ተንበርክካለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቁጣን መግታት ማለት ዱላን መታገሥ ማለት አይደለም። የሚደበድብ ባል፣ ደመወዝ የሚከለክል አሠሪ፣ ልጅን የሚጎዳ ዘመድ ካለ፣ «ክርስቲያን ዝም ይላል» እያለ የሚያስተኛችሁን ሰው አትስሙ። ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል (ዮሐ. 18)። ለንስሐ አባት፣ ለሽማግሌ፣ ካስፈለገም ለሕግ ተናገሩ።

አራተኛ፦ ከአፋችሁ የምታወጧቸውን ቃላት ምረጡ

ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ እርምጃ ነው። «ክፉ አትናገሩ» ተብሎ ሲሰበክ ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ክፉ የምንለው ግን ሌላው ሰው የሚናገረውን ነው። ጌታ እንዲህ በደፈናው አላለፈውም። ማቴዎስ 5 ላይ ስድቡን በስሙ ጠርቶታል፦ «ጨርቃም» የሚል፣ «ደንቆሮ» የሚል። ስለዚህ እኛም የየራሳችንን ስድብ በስሙ እንጥራው። ደብተራችሁ ላይ አራተኛውን ነገር፣ የወጣውን ቃል፣ ስታነቡ የሚደጋገሙ ሁለት ሦስት ቃላት ታገኛላችሁ። የእኔዎቹንና በዙሪያዬ የምሰማቸውን ልንገራችሁ።

«ድሮም»። ትንሽ ቃል ነች፣ ስድብም አትመስልም። ነገር ግን የዛሬዋን አንድ ስሕተት ይዛ ወደ ኋላ ትሄድና የሰውን ዕድሜ ሁሉ ታጠፋለች። «ድሮም እንዲህ ነህ»፣ «ድሮም ካንቺ»። የ«ሁሌም» እና የ«መቼም» እኅት ነች። ትሪው የወደቀው አንድ ቀን ነው፤ ልጅቷ ከዚያ በፊት ብዙ ትሪ በሰላም አድርሳ ነበር። ይህችን ቃል ለመተው ስትሞክሩ ንግግራችሁ ወዲያው ያጥርላችኋል፤ ምክንያቱም ያለ «ድሮም» የሚቀረው የሆነው ነገር ብቻ ነው፦ «ትሪው ወደቀ።»

ወላጅን የሚነካ ስድብ። «አሳዳጊ የበደለሽ»፣ «የት አባክ»። እነዚህ የሚመቱት ፊት ለፊት ያለውን ሰው ብቻ አይደለም፤ እዚያ የሌለ፣ ምናልባትም መቃብር ያለ ሰው ይመታሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለው በተለይ ለእንዲህ ያለው ነው።

እርግማን። ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር «ይድፋህ!» የምንል እናቶች ብዙ ነን። ቃሉን ሳናስበው ነው የምንለው፣ ልጁ ግን ይሰማዋል። ያዕቆብ 3 ላይ በአንዱ ምላስ ጌታን እንባርካለን፣ በዚያው በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠረውን ሰው እንረግማለን ይላል። ለእርግማን ምትክ ስጡት፤ አፍ ባዶ መሆን አይወድም። የሰፈራችን እናቶች ሲደነግጡ «ማርያም!» ይላሉ፤ ልጁም ከእርግማን ይልቅ ጸሎት ይሰማል።

አንቱታን መግፈፍ። «እርስዎ» ሲሉት የኖሩትን ሰው በጠብ መሐል «አንተ» ማለት ሌላ ስድብ አያስፈልገውም፤ ጥፊ ነው። ተቃራኒውም አለ፦ አንተ አንቺ የሚባባሉ ባልና ሚስት ሲኳረፉ «እርስዎ እንደፈቀዱ» መባባል። ይህ አክብሮት አይደለም፣ አሽሙር ነው። አሽሙርን ከስድብ ለይተን እንደ ጨዋ ንግግር እናየዋለን፤ በእኔ ፍርድ ግን ይብሳል። የተሰደበ ሰው መልስ መስጠት ይችላል። የተሸሞረበት ሰው መልስ ሲሰጥ «እኔ ስላንቺ መቼ አወራሁ?» ይባላል።

ቃላቱን ከለያችሁ በኋላ ምትክ አዘጋጁ። ከመናደዳችሁ በፊት፣ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱት። እኔ የተለማመድኩት ጠዋት ጠዋት የቀረሶ አሳ ቅርፊት እየፋቅሁ ነው። የሚከተሉትን እንደ ናሙና ውሰዱ፤ በራሳችሁ አነጋገር ቀይሯቸው።

ለሠራተኛ፦ «ትሪው ሲወድቅ ደነገጥኩ። ተጎዳሽ? አሁን ወለሉን እንጥረግ፣ ሌላውን ነገ ጠዋት እንነጋገራለን።»

ለባል፦ «ሳትነግረኝ ብሩን ማበደርህ አናዶኛል። አሁን ብናገር አጠፋለሁ፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እናውራበት።»

ለአማት ወይም ለትልቅ ሰው፦ «እማማ፣ ይህ ነገር ከብዶኛል። ትንሽ በረድ ስል መጥቼ አወራዎታለሁ።»

ለተቆጣ ደንበኛ፦ «ልክ ነዎት፣ ዘግይተናል። ገና 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሄድ ከፈለጉም ቅር አይለኝም።»

በአራቱም ውስጥ ያለውን እዩ። የሆነው ነገር አለ፣ ስሜቴ አለ፣ ቀጥሎ የሚሆነው አለ። የሰውየው ማንነት ላይ የተሰጠ ፍርድ ግን የለም። «ተናድጃለሁ» ማለት ደግሞ አያሳፍርም። ንዴቱን በስሙ የጠራ ሰው በስድብ ሊያሳየው አይገደድም። «የለዘበች መልስ ቁጣን ትመልሳለች» (ምሳ. 15፥1) የሚለው ቃል ለእኔ እውነት መሆኑን ያየሁት በአራተኛው፣ በደንበኛው ላይ ነው። «ልክ ነዎት» ስለው ሊለኝ ያዘጋጀው ሁሉ ይጠፋበታል።

አምስተኛ፦ ጊዜና ቦታ ምረጡ

መልካም ቃል እንኳ በተሳሳተ ሰዓት ይበላሻል። አቢግያ ባሏ ናባል ቤታቸውን ለጥፋት ዳርጎ ሲያበቃ፣ እሷ ዳዊትን ለምና ማታ ስትመለስ ሰክሮ አገኘችው፤ እስኪነጋ ድረስ ትንሽም ትልቅም ነገር አልነገረችውም (1ሳሙ. 25)። ነገሩን አልተወችም፣ አሳደረችው። ለሰከረ፣ ለራበው፣ እንቅልፍ ለነሣው ሰው ከባድ ነገር አትንገሩ። ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው የሚለውም (ማቴ. 18፥15) እንዲሁ ስለ ቦታ ነው። ሰው ፊት የተወቀሰ ሰው የሚያስበው ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለሚያዩት ዓይኖች ነው።

ስልክ ላይ ያለውን ባጭሩ ልበል፦ ተናዳችሁ የድምፅ መልእክት አትላኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በስልክ የወጣ ደግሞ ለአማት፣ ለጎረቤት፣ ለሽማግሌ ይደርሳል።

ስድስተኛ፦ ኩርፊያን ከትዕግሥት ለዩ

ዝም ማለት ሁሉ ቁጣን መግታት አይደለም። ሦስት ቀን ወጥ እያቀረቡ አለመናገር፣ ፊት ማዞር፣ በልጅ በኩል «ለአባትሽ ንገሪው» ማለት፣ ይህ ድምፅ የሌለው ጩኸት ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፣ እየከበደም ይሄዳል፤ ላይ ላዩን ግን ያው ታንኳ ነው። ቂም የያዘ ሰው ቤትም እንዲህ ነው።

«በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» (ኤፌ. 4፥26) የሚለውን ብዙዎች ነገሩን ሁሉ ከመሸ በፊት መጨረስ አድርገው ይወስዱትና በሌሊት ይጨቃጨቃሉ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ፀሐይ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትገባለች፤ ያን ጊዜ ራት ለማቅረብ እንነሣለን። ከዚያ በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፦ «ነገሩ አላለቀም፣ እኔና አንተ ግን አልተጣላንም፤ ነገ እንነጋገራለን።» ነገሩ ያድራል፣ ጠቡ ግን አያድርም።

ሰባተኛ፦ ካጠፋችሁ፣ በሰደባችሁበት ቦታ ይቅርታ ጠይቁ

ከዚያ ዓርብ በኋላ ልጅቷን ሳላናግራት ቀናት አለፉ። ነጠላ ልገዛላት አሰብኩ። ምሳ አብዝቼ አቀረብኩላት። ከይቅርታ በቀር ሁሉን ሞከርኩ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ስናገር ብዙ አልተቆጡኝም፤ «ለእኔ የነገርሽኝን ለእሷ ነግረሻታል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ቀጥለው «ስትሰድቢያት የሰማ ሰው ነበር?» አሉኝ። ነበር። «እንግዲያስ ይቅርታሽንም ይስማ።»

በሚቀጥለው ዓርብ ከእነዚያ ደንበኞች ሦስቱ ተቀምጠው ሳለ ጠራኋት። ቀድሜ ጽፌ ያጠናሁትን አልኳት፦ «ባለፈው ዓርብ እዚህ ቦታ ሰድቤሻለሁ። ያልኩት ውሸት ነው። አያትሽ በደንብ አሳድጋሻለች። ይቅር በይኝ።» ውስጡ «ግን» የለም። ይህ የዚህ እርምጃ ሕግ ነው፦ «ይቅርታ፣ ግን አንቺም ብትጠነቀቂ» ካላችሁ ይቅርታው ከ«ግን» ወዲህ ያለውን ወቀሳ ማስተዋወቂያ ሆነ ማለት ነው። ጥንቃቄውን ሌላ ቀን አስተምሯት። ደግሞም ምክንያት አትጨምሩ፤ ርቦኝ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር አትበሉ። ያውቁታል።

«እሺ እትዬ» ብላ ወደ ማድቤት ተመለሰች፤ ሌላ ነገር አላለችም። መልስ አትጠብቁ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ዕዳውን ይከፍላል እንጂ ደረሰኝ አይቀበልም። ስለ አያቷ ያወራችኝ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ያውም ሳልጠይቃት፣ ሽንኩርት እየላጥን።

ዛሬም እቆጣለሁ። ደብተሩን አልተውኩትም፤ በንስሐ ጊዜ ይዤው እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ያለ እሱ «ትንሽ ተቆጥቻለሁ» ብዬ አልፈው ነበር። ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው የበላበትን ሒሳብ አልከፍልም ብሎ ድምፁን ሲያነሣብኝ ጥርሴን ነከስኩ፣ ቢላዋውም በእጄ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ልጅቷ ከማድቤቱ በር ላይ ሆና አየችው። ምንም ሳልላት፣ «እትዬ፣ ውኃ ላምጣ?» አለችኝ።